በትኩሱ የተለካው ዘንግ

ብረትን ጽኑ አድርጎ ፈጥሮ ለሰው እጅ ላገራው ጌታ ምስጋና ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ላይ ይውረድ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ቶርኖና ስለ ባለቤቱ ነው። «ቶርኖን ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ወንድም ካለ ትንሽ ሰብር ያድርግልኝ። ይህ ታሪክ ራሱ የመጣው ሰብር ካጡ ሰዎች ነው።

በተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቿ ሲታሙም ሲሞገሱም ደስ አይላቸውም። በዚህች ከተማ ሐጂ ኑርዬ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሐጂ ሠላሳ ዓመት በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ብረት ሲቆርጡና ሲያለሰልሱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ፋብሪካው የጣለውን አሮጌ ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠውን መኪና፣ ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። ቶርኖው በጭነት መኪና ተጭኖ የደረሰ ዕለት ሰፈሩ «ሐጂ መድፍ ይዘው መጡ!» ብሎ ተንጫጫ። መድፉ ግን በሎሚው ዛፍና በበጎቹ ጉረኖ መካከል የቆርቆሮ ጣራ ተሠራለትና የሰፈሩ አገልጋይ ሆነ። የልብስ ሰፊው መኪና ሲነክስ፣ የመድረሳው በር ቁልፍ ሲሰበር፣ የወፍጮው ቡሎን ጥርሱ ሲያልቅ፣ ሁሉም የሚሮጠው ወደዚያ ቆርቆሮ ነው።

ሐጂ በሥራቸው አንድ ልማድ ነበራቸው። ብረት በቶርኖ ሲቆረጥ ይግላል፤ የጋለ ብረት ደግሞ ያብጣል። እብጠቱ ለዓይን አይታይም፤ ለመለኪያ ግን ይታያል። ስለዚህ የመጨረሻውን ልክ ከመውሰዳቸው በፊት ቶርኖውን ያጠፉና ገብተው ሁለት ረከዓ ይሰግዳሉ። ሲመለሱ ብረቱን በጉንጫቸው ይነኩታል። ከቀዘቀዘ ይለካሉ፤ ካልቀዘቀዘ ተመልሰው ሁለት ይጨምራሉ። ሰፈርተኛው በዚህ ይስቅ ነበር፤ «ሐጂ ቤት ብረት እንኳ ሳይሰገድበት አይወጣም» ይል ነበር።

ከእሳቸው ቤት ሁለት በር ዝቅ ብሎ ጡሃ የሚባል በያጅ ነበር። ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ የአምስት ልጆች አባት፣ ቸኩሎ የሚበላ፣ ቸኩሎ የሚስቅ፣ ሲያለቅስም ቸኩሎ የሚያለቅስ ሰው ነው። በዚያች ከተማ መውሊድ ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአያቱ የወረሰው ኺድማ፣ የአገልግሎት ድርሻ፣ አለው፤ የአንዱ እንጨት፣ የአንዱ እርድ፣ የአንዱ ምንጣፍ። የጡሃ ቤት ኺድማ ውሃ ነው። አያቱ በእርኮት አቀረቡ፤ አባቱ በበርሜል አቀረበ፤ እሱ ደግሞ በመስጊዱ ጉድጓድ ላይ በተተከለው ፓምፕ ያቀርባል። በሦስት ትውልድ አንድም የመውሊድ እንግዳ «ውሃ የለም» ተብሎ አያውቅም። ጡሃ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም፤ ይህን ሲናገር ግን ደረቱ ይነፋ ነበር።

ታዲያ መውሊዱ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ማለዳ፣ ፓምፑ ጓ! ብሎ ቆመ። ከፍተው ሲያዩት ዘንጉ ለሁለት ተቆርጧል። መለዋወጫው የሚገኝበት ከተማ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ከቁልቁለቱ ማዶ። እንግዳው ከየገጠሩ ድቤውን እየመታ መንገድ ጀምሯል። ጡሃ የተሰበረውን ዘንግ ታቅፎ፣ አንድ እግሩን ጫማ ሳያደርግ፣ ሐጂ ግቢ ዘው አለ።

«ሐጂ! ሐጂ! አለቀልኝ!»

«አብሽር፣ ጡሃ። መጀመሪያ ሰላም በል።»

«አሰላሙ ዐለይኩም፤ አለቀልኝ!»

ሐጂ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ዘንጉን ተቀበሉና አገላብጠው አዩት። ከዚያ ከአልጋቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ክንድ የሚያህል ብረት አወጡ። «ለክፉ ቀን ብዬ ያኖርኩት ነው፤ ክፉው ቀን መጣ» አሉ። «እጄ አለ። ዓይኔ ግን የመለኪያውን ጥቃቅን ቁጥር ማንበብ ከተወ ቆየ። አንተ ታነብልኛለህ፣ እኔ እቆርጣለሁ።»

ጡሃ በደስታ ሊበር ምንም አልቀረው። ከረፋድ እስከ ቀትር ሠሩ። ቶርኖው ያጉረመርማል፤ የብረቱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ይወርዳል፤ የዛገው ቆዳ ተገፎ ውስጡ ሲያበራ ጡሃ በየመሀሉ «ማሻአላህ!» ይላል። ወሬው ተሰምቶ ግቢው በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየውን ለኋለኞቹ ያስተላልፋል። «አሁን እየቀጠነ ነው! አሁን አንገት እያወጡለት ነው!» ሰው ሁሉ ዘንጉን እንደ ሙሽራ ይጠብቀው ጀመር።

ትንሽ ሲቀረው ሐጂ ቶርኖውን አጠፉ። «ጠብቀው፤ ሲበርድ ትነግረኛለህ» ብለው፣ ለውዱእ ውሃ ስላልነበረ በተየሙም፣ በአፈር ታብሰው፣ ሊሰግዱ ገቡ። ልክ ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ድቤ ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። ከተማው በእልልታ ተቀበላቸው። ከእንግዶቹ መካከል አንድ አዛውንት አጥሩ ሥር ቆመው፣ «ልጆቼ፣ ውዱእ የምናደርግበት ወዴት ነው?» ሲሉ ጡሃ ሰማ።

የጡሃ ፊት ተለዋወጠ። በሦስት ትውልድ ያልተባለው ነገር አጥሩ ሥር ሊባል ነው። ወዲያው ሐጂ ሰግደው ብቅ አሉና «በረደ?» አሉት። እጁን ዘንጉ ላይ አሳረፈ። ሞቃት ነበር፤ ሞቃት መሆኑንም አውቋል።

«በርዷል፣ ሐጂ!»

ሐጂ እንደ ልማዳቸው ጉንጫቸውን ሊያስጠጉ ጎንበስ ሲሉ ጡሃ መለኪያውን አስገብቶ ማንበብ ጀምሮ ነበር። «የፀጉር ስንጣቂ ብቻ ነው የቀረው፣ ሐጂ! አንድ ጊዜ ማለፍ ነው!» ሐጂ ቀና አሉ። ሙስሊም ወንድማቸው በርዷል ካለ በርዷል ነው ብለው አመኑት፤ ቶርኖውን አስነሥተው ያቺን አንዲት ማለፊያ አለፉ።

ዘንጉ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጡሃ ትከሻ ላይ ሆኖ ወጣ። መንዙማው ከፊት፣ እንግዳው ከኋላ፣ ከተማዋን አቋርጠው ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ሆኗቸዋል። ብረቱም በመንገድ ላይ በደንብ በርዷል። ሐጂ ዘንጉ የሚዞርበትን የብረት ቀለበት፣ አዲሱን ኩሽኔታ፣ ከኪሳቸው አውጥተው በዘንጉ ጫፍ አጠለቁት። ኩሽኔታው በጣት ሲገፋ ሸርተት ብሎ ቦታው ገባ።

«ገባ! ገባ!» ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው።

እልል ከሚለው ሰው መካከል ክፉ ነገር እንደ ደረሰ ያወቁት ሁለት ብቻ ነበሩ። ኩሽኔታ ዘንጉ ላይ በመዶሻ እየተመታ፣ በግድ ነው መግባት ያለበት። በጣት የገባ ኩሽኔታ ሲዞር ይንሸራተታል፤ እየተንሸራተተ ዘንጉን ይበላዋል። በትኩሱ አብጦ ትክክል የመሰለው ብረት በርዶ ልኩ ጎድሏል። ከብረት ላይ ያነሡት ደግሞ ተመልሶ አይለጠፍም።

ጡሃ ወደ ሐጂ ጆሮ ተጠጋ። «ሐጂ፣ መላ አለው። ዙሪያውን በሹል ብረት ነጥብ ነጥብ እናድርገው። ነጥቡ ሲያብጥ ኩሽኔታውን ይይዘዋል። መውሊዱን ያሳልፈናል። ሰው አያውቅም።»

እውነት ነው፣ ይህ መላ በሙያው ይታወቃል። ዘንጉ ለሳምንት ወይ ለሁለት ሳምንት ይይዛል፤ እንግዳው ሁሉ ወደ ቤቱ ከተበተነ በኋላ ፓምፑን ይዞት ይሞታል። ሐጂ ጡሃን ትክ ብለው አዩት። በግንባራቸው ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ከንፈራቸው ለአፍታ ተንቀሳቀሰ፤ ኢስቲግፋር ይሁን ሌላ አላውቅም። ለጡሃ አንድም ቃል አልተናገሩትም። ኩሽኔታውን በጣታቸው አውልቀው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ያ ጀመዓ! እልልታውን ለጊዜው አቆዩልን። ይህ ዘንግ ለዚህ ጉድጓድ አይሆንም፤ ልኩ ጎድሏል። ቶርኖው በእጄ ነበር።»

«ገባ እኮ! በዓይናችን አየነው!» አለ አንዱ እንግዳ።

«መግባቱ ነው ክፋቱ» አሉ ሐጂ።

ቶርኖው በእጃቸው ነበር፤ ያሉት እውነት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ አላሉም። አልዋሹም፣ የወንድማቸውንም ነውር አላወጡም። ሕዝቡ ግን ሕዝብ ነውና ያጉረመርም ጀመር። ከጡሃ ጀርባ አንዱ፣ «ሰውየው አርጅተዋል፤ ዓይናቸው የት አለና!» አለ። ሌላው፣ «ለሳቸው መስጠታችን ነው ጥፋቱ» ብሎ ጨመረበት።

እነዚህ ሁለት ቃላት ጡሃን ከማንኛውም ስድብ በላይ አቃጠሉት። ሠላሳ ዓመት የተገነባ ስም እሱ በተናገረው አንድ ቃል ሲፈርስ ቆሞ ሰማ። ዝም ቢል የአባቶቹ ኺድማ በስሙ ይቆይለታል፤ ጥፋቱም የሽማግሌ ስህተት ተብሎ ይረሳል። ዝም ማለት ግን አልቻለም።

«ሐጂ አይደሉም!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ! 'በረደ?' ብለው ጠየቁኝ፤ ጣቴን እየሞቀኝ 'በርዷል' አልኳቸው። ዋሸኋቸው! የቸኮልኩት እኔ ነኝ!» ብሎም እንደ ልማዱ ቸኩሎ አለቀሰ።

«የአባትህን ኺድማ አዋረድከው!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተነሣ። ሌላም ሌላም ሊከተል ሲል ሐጂ እጃቸውን አነሡ። «ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የሚሰድብ ሰው እጁ ባዶ ነው ማለት ነው። ቤቱ ብረት ያለው ብረት ያምጣልኝ!»

ወንድሞቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ከተማው ወደየቤቱ ሮጠ። የሐጂ ግቢ በብረት ተሞላ፤ የአልጋ እግር፣ ዲጂኖ፣ የዶማ ስባሪ፣ የበቅሎ ልጓም፣ የበር ማጠፊያ። አንዱማ ሙሉ ብስክሌቱን ተሸክሞ መጣ። ሐጂ እያንዳንዱን በሚሽከረከረው መሳያ ድንጋይ ላይ ያስነኩና ፍንጣሪውን ያያሉ። ጥሩ ብረት ፍንጣሪው ብዙ ቅርንጫፍ አለው፤ ልፍስፍሱ ግን ቀይ ጭረት አሳይቶ ይጠፋል። «አይሆንም።» «ይሄም አይሆንም።» «ብስክሌትህን ውሰድ፣ ልጄ፤ አሏህ ይስጥህ።»

ክምሩ ሊያልቅ ሲል ከሰዉ መካከል ወይዘሮ ብርቄ እየተጋፉ ወጡ። ወይዘሮ ብርቄ ክርስቲያን ጎረቤታቸው፣ በርበሬ ወቅጠው የሚሸጡ ሴት ናቸው። በሁለት እጃቸው የብረት ዘነዘና ታቅፈዋል።

«ሐጂ፣ ይሄን ይዩልኝ። ባለቤቴ ሹፌር ሳለ ከተሰበረ የጭነት መኪና ያመጣልኝ አክስል ነው። ሃያ ዓመት በርበሬ ወቅቼበት አልጎበጠም።»

ሐጂ ዘነዘናውን ድንጋዩ ላይ አስነኩት። ነጭ ፍንጣሪ ተረጨ፤ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ እየፈነዳ ሌላ ፍንጣሪ ይወልዳል። «ይኸው! ይኸው ብረት!» ብለው ሐጂ እንደ ጎረምሳ ዘለሉ። ነገር ግን በዘነዘናው ላይ የሃያ ዓመት በርበሬ ተጣብቆበት ኖሮ በድንጋዩ ሙቀት ጤሰ። መጀመሪያ ሐጂ አነጠሱ፤ ከዚያ ጡሃ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ያነጠሰው «አልሐምዱሊላህ!» ሲል የሰማው «የርሐሙከላህ!» ይላል፤ እሱም ወዲያው ያነጥሳል። ለአሥር ደቂቃ ያህል በዚያ ግቢ ምስጋናና ምሕረት ልመና ብቻ ነበር የሚሰማው። ሊሳደብ የመጣው ሰውም በሳቅ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

«እኔስ በምን ልውቀጥ?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ሐጂ የጎደለውን ዘንግ አነሡና ሰጧቸው። «ለጉድጓድ ጎድሏል፤ ለበርበሬ ግን ይተርፋል።»

ሥራው ከአዲስ ተጀመረ። የሚያነብ ሰው ሲያስፈልግ የመድረሳው መምህር ወደ ፊት ቀረበ። «እኔ አነብልዎታለሁ፣ ሐጂ። ጥቃቅኑንም አልስትም።» ሰዉም «አዎ፣ እሱ ያንብብ!» አለ። ጡሃ መሬት መሬት እያየ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሐጂ ግን መለኪያውን ከሳጥኑ አወጡና በሕዝቡ ፊት እጃቸውን ዘረጉ።

«የሚያነብልኝ ጡሃ ነው።»

ጡሃ መለኪያውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ቶርኖው ሲያጉረመርም ቆይቶ ለመጨረሻው ልክ ሲቆም የዐስር አዛን ተሰማ። የግቢው ሰው፣ የመንገዱ ሰው፣ ሁሉም በተየሙም ተሰልፎ ሰገደ። ብረቱ በቦታው ነው። ሰላምታ ተሰጥቶ ሶላቱ ሲያበቃ ሁሉም ዓይን ወደ ጡሃ ዞረ። እንግዶቹ ከንፈራቸው ደርቋል። ያ ውዱእ የጠየቁት አዛውንት አጥሩን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጡሃ ተነሥቶ ሄደ። በጣቱ አልነካውም፤ የበያጅ ጣት ሙቀት የለመደ ነው። ጎንበስ ብሎ ጉንጩን አስጠጋ። ብዙ ቆየ።

«አልበረደም» አለ። «ገና ነው፣ ሐጂ።»

ሕዝቡ «ኧረ በአሏህ!» ብሎ አቃሰተ። ሐጂ ኑርዬ ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ፊታቸው አልበራም ነበር። «ማሻአላህ፣ ጡሃ! ማሻአላህ! እንግዲህ እንጠብቃለን» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው ሲቀመጡ ሰዉም ተቀመጠ። አንዱ መንዙማ አነሣ፤ ቀስ ያለ፣ ብረት የሚያበርድ መንዙማ። አዝማቹን ለሦስተኛ ጊዜ ሳይጨርሱ ጡሃ ጉንጩን አስጠግቶ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። «በርዷል። አሁንስ ወላሂ በርዷል!»

ለካ፤ አነበበ፤ ሐጂ ቆረጡ።

ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ ተራራው ጫፍ ተጠግታለች። ሐጂ ኩሽኔታውን በዘንጉ ጫፍ አስቀምጠው በጣታቸው ገፉት። እምቢ አለ። ሐጂ መዶሻውን ለጡሃ ሰጡትና ኩሽኔታው ላይ እንጨት ደገፉ። ጧ! ትንሽ ገባ። ጧ! ጧ! ጥቂት በጥቂት እያጉረመረመ ቦታውን ያዘ። እልልታው አሁን ከፊተኛው ይበልጥ ነበር፤ የገባበትን ያወቀ ሕዝብ እልልታ ነዋ! ፓምፑ ተገጠመ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ቧንቧው ሳለ፣ ሳለና ውሃውን ተፋው። ጡሃ የመጀመሪያውን ማንቆርቆሪያ ሞልቶ እየሮጠ ወደ አዛውንቱ ሄደ፤ ራሱ እያፈሰሰላቸው ውዱእ አስደረጋቸው። ግማሹን ውሃ ልብሳቸው ላይ ነው ያፈሰሰው፤ ቸኩሎ ነዋ። አዛውንቱ መረቁት።

መግሪብ ሊሰገድ ሰው ሲሰለፍ ጡሃ ቧንቧው ጋ ሐጂ አጠገብ ቆመ።

«ሐጂ፣ ጉድጓዱ ጋ ያን ሁሉ ጥፋት ሳጠፋ ለምን አልተቆጡኝም? ደግሞስ መለኪያውን እንደገና ለምን ሰጡኝ?»

ሐጂ ኑርዬ ቧንቧው ሥር እጃቸውን እየታጠቡ መለሱለት።

«ያን ጊዜ ልቤ ግሎ ነበር፣ ጡሃ። በጋለ ልብ የለካኸውን ሰው ታጎድለዋለህ፤ ከሰው ላይ የቀነስከው ደግሞ እንደ ብረት ነው፣ ተመልሶ አይቀጠልም።»

ይህን ብለው ወደ ሶፉ ገቡ።

እኔ ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። የጋለ ብረት ከልኩ ወፍሮ ይታያል፤ ስለዚህ ከሚገባው በላይ ትቆርጠዋለህ። በቁጣ ሰዓትም የወንድምህ ጥፋት ከልኩ ወፍሮ ይታይሃል። «ይህ ሁሉ ትርፍ ነው» ትልና ትቆርጣለህ። ደግሞ ልብ በሉ፤ ሐጂ ጡሃ አላጠፋም አላሉም። ጥፋት ነበረው፣ ውሸት ነበረው፣ የሚቆረጥ ነገር ነበረው። ሲበርዱ ለኩት፤ ሲበርዱ ያገኙትም በአንድ ክፉ ሰዓት የዋሸ፣ ነገር ግን በሕዝብ ፊት ቆሞ ራሱን ያጋለጠ ሰው ነው። መለኪያ በአደራ የሚሰጠው እንዲህ ላለ ሰው አይደለምን? ሲግሉ ለክተውት ቢሆን ከተማዋ አንድ ቀጣፊ ታተርፍ ነበር፤ እሱንም ሰው ለዕድሜው ሙሉ «ቀጣፊው» እያለ ይጠራው ነበር። እኛ ከተሞቻችንን በእንዲህ ዓይነት ሰዎች የሞላናቸው እኛው ነን።

ሌላውን ለመምከር የምቸኩል ሰው መሆኔን ታውቃላችሁ። ስለዚህ የራሴንም ልንገራችሁ። በትኩሱ የለካሁት አንድ ወንድም አለኝ፤ የእናቴ ልጅ ነው። በአንድ ከሰዓት የተናገርኩት ቃል ሰባት ዓመት አቆራርጦናል። ቤቱ ከእኔ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ዛሬ በርጃለሁ፤ ጉንጬን አስጠግቼ አይቼዋለሁ። ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ኢንሻአላህ፣ በሩን አንኳኳለሁ።